«እሪ» ቢባል ማን ይወጣል?

የዛሬው ጽሑፌ ከራሴ ኀፍረት ይጀምራል።

ባለፈው ጥር ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የሴት ጩኸት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ጩኸቱ የሚመጣው ከምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማለትም ከእኔ ቤት አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነበር። «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ድረሱልኝ!» ይላል። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ እጄንም ከመቀርቀሪያው ላይ አሳረፍኩ። ከዚያም እዚያው ቆምኩ። ጆሮዬን አቁሜ የማዳምጠው ጩኸቱን አልነበረም፤ የሌላ በር መከፈትን ነበር። ሌባ ቢሆንስ? የባልና የሚስት ጠብ ቢሆንስ? ነገ ምስክር ሁን ተብዬ ፖሊስ ጣቢያ ብመላለስስ? ይህን ሁሉ ሳሰላ ምን ያህል ደቂቃ እንዳለፈ በውል አላውቅም። በመጨረሻ የሕንፃው ጥበቃ የሆኑት አዛውንት የእጅ ባትሪ እያበሩ ደረጃውን ሲወጡ ሰማሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ በሬን ከፈትኩ።

የሴትዮዋ ባል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ራሱን ስቶ ነበር። ከጥበቃው ጋር ተጋግዘን አወረድነው፤ መኪና ተጠርቶም ወደ ሕክምና ተወሰደ። ምስጋና ለፈጣሪ፣ ሰውየው ድኖ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ልታመሰግነኝ በሬን አንኳኳች። ከምስጋናዋ መሐል የተናገረቻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። «ስምዎን ባውቅ ኖሮ በስምዎ እጠራዎት ነበር» አለችኝ። እኔና እርሷ በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር።

ኀፍረቴን እጥፍ የሚያደርገው ደግሞ የምኖርበት ሙያ ነው። ለዓመታት በዩኒቨርሲቲ የማስተምረው የትምህርት ዘርፍ ስለ ማኅበረሰብ ነውና፣ በዚያች ሌሊት በእኔ ላይ የደረሰውን ነገር ተማሪዎቼን በየዓመቱ ስፈትንበት ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንድ የታወቀ ሙከራ አደረጉ። ተማሪዎችን በየክፍላቸው ለብቻ ካስቀመጡ በኋላ፣ በድምፅ መገናኛ ብቻ የሚሰሙት ሰው በድንገት የሚጥል በሽታ እንደ ተነሣበት አድርገው አሰሟቸው። ጩኸቱን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካመነው ወገን 85 በመቶው ለመርዳት ተነሣ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካመነው ወገን ግን ድምፁ ከመቋረጡ በፊት የተነሣው 31 በመቶው ብቻ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለሁሉም የተላከ ጩኸት ለማንም አይደርስም። ሰው የሚነሣው ጥሪው የእርሱ መሆኑን ሲያውቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ስምን የመሰለ አስረግጦ የሚነግረው ነገር የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የከተማ ኑሮ ሰውን እንዲህ ያደርገዋልን? በር ዘግቶ ማድመጥ የከተሜነት ተፈጥሯዊ ዕጣ ነውን? ብዙዎቻችን «አዎን» ብለን እንመልሳለን። «ከተማ እኮ ነው! ማን ከማን ይተዋወቃል?» እያልን ራሳችንን እናጽናናለን። እኔ ግን ይህ መልስ ስንፍናን የሚሸፍን፣ ከዚያም በላይ ተጠያቂ መሆን ያለበትን ወገን ነፃ የሚያወጣ መልስ ነው ባይ ነኝ።

ለነገሩ መልሱ የተከበሩ ጠበቆች አሉት። ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ዝነኛ ድርሰቱ፣ በታላላቅ ከተሞች የሚኖር ሰው በየደቂቃው ከሚወርድበት የትዕይንትና የድምፅ ውርጅብኝ ራሱን ለመከላከል ሲል ልቡን እንደሚያደነዝዝ፣ ከጎረቤቱም እንደሚቆጠብ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 ሉዊስ ዊርዝ የተባለው የቺካጎ ምሁር የሕዝብ ብዛት፣ ጥግግትና ልዩ ልዩነት ሲጨምር የዝምድናና የጉርብትና ማሰሪያ እየላላ ይሄዳል ሲል አስተምሯል። አዲስ አበባን በዚህ ሚዛን ብንመዝናት ለመቀዝቀዝ የሚያበቃ ምክንያት አላጣችም። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ነዋሪዋ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ ባይካሄድም ከተማዋ የቱን ያህል እንደ ሰፋች ዐይን ይመሰክራል።

ዳሩ ግን አዲስ አበባ ራሷ ለእነዚህ ሊቃውንት የማይመች ምስክር ናት። ከተማ ማሰሪያን ብቻ የሚያላላ ቢሆን ኖሮ ዕድር ባልተወለደ ነበር። የጥናት ጽሑፎች እንደሚያስረዱት ዕድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የበቀለው በገጠር ሳይሆን፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በዚህችው በአዲስ አበባ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአገሩ የሞተ ሰው ቀባሪ ዘመድ አያጣም፤ ቀባሪ የሚያሻው ከየአቅጣጫው ተሰዶ ከተማ ለገባው መጻተኛ ነው። የጉራጌው፣ የመንዙ፣ የኦሮሞው፣ የጎጃሙና የትግሬው ሰው በአንድ መዝገብ ተመዝግበው፣ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም አዋጥተው፣ «እኔ ብሞት አንተ ትቀብረኛለህ» የሚል ውል ተዋዋሉ። ይህ ውል የተመሠረተው በደምም በቋንቋም አልነበረም። የተመሠረተው በመኖሪያ ቅርበትና በሰዓቱ በመገኘት ላይ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። በእኔ ግምት ይህ የከተማችን ታላቁ የፖለቲካ ፈጠራ ነው። ፓርላማዎቻችን ያልቻሉትን፣ የማይዛመዱ ሰዎችን በጽሑፍ ሕግና በምርጫ በቆመ ዳኛ ማስተዳደርን፣ ዕድሮቻችን ያለ አንዳች የውጭ አማካሪ ችለውበታል።

ስለዚህ ጥያቄው መስተካከል አለበት። ጥያቄው ከተማ ሰውን ያቀዘቅዛል ወይስ አያቀዘቅዝም የሚል አይደለም። የትኛው የከተማ አሠራር ጎረቤትን ያፈራል? የትኛውስ ያመክነዋል? መጠየቅ ያለብን ይህን ነው።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር ነበር። የስሙ ምክንያት በአፈ ታሪክ ሲነገር፣ ቦታው በጥንት ጊዜ ጭር ያለ ስለ ነበር በሌባ የተያዘ መንገደኛ እሪ ቢልም የሚደርስለት አልነበረም ይባላል። በልጅነቴ ግን ሰፈሩ ከስሙ ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቅ ሆኖ ነበር። በዚያ አካባቢ «እሪ» ያለ ሰው የሚቸገረው ደራሽ በማጣት ሳይሆን በደራሽ ብዛት ነበር። ሁለት ቤቶችን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ የወዲያኛው ሲያስነጥስ የወዲህኛው «ይማርህ» ይላል። የቦኖው ውሃ አንድ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የበዓሉ ቅርጫ የጋራ ነበር። እናቴ አንድ ሌሊት ታናሽ እህቴን ምጥ ይዟት ሳለ ግድግዳውን በጡጫ መታ የጠራችው በስም ነበር፤ «እትዬ እገሊት!» ብላ። የተጠሩት ሴትዮ ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ደረሱ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይኸው የድህነት ናፍቆት ጀመረው» እንዳይለኝ እፈራለሁ። ናፍቆት አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያችን ያፈስ፣ የጋራው ሽንት ቤት ሞልቶ በመንገዱ ይፈስ ነበር። ልጃገረዶች በሌሊት መውጣት ይፈሩ ነበር። ሐሜቱም ከግድግዳው በላይ ያፈስ ነበር፤ ማን ምን እንደ በላ፣ ማን ከማን እንደ ታየ የማይታወቅበት ቀን አልነበረም። በር ዘግቶ ማደር ታላቅ ነፃነት መሆኑን የማያውቅ ሰው ሳይዘጋ ያደረ አይደለም። ከተማ ለብዙዎች መሸሸጊያ እንደ ነበረችም መዘንጋት የለበትም። በየገጠሩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ሸማኔ» እየተባለ ይናቅ የነበረው የእጅ ባለሙያ ከብዙው ሕዝብ መሐል ገብቶ እንደ ሰው የቆመው በከተማ ነው። ዚመልም ቢሆን የከተማን ቅዝቃዜ ሲጽፍ የነፃነት ወንድም መሆኑን አልሸሸገም።

እኔ ልል የፈለግሁት ሌላ ነው። የዚያ ሰፈር ጉርብትና ከሰዎቹ ደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የሚጨበጡ ምክንያቶች ነበሩት። አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከታወጀ በኋላ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ ስላላለ የያዘው አለቀቀም። በዚህ ምክንያት ቤቶቹ አርጅተው ፈረሱ፤ ጠጋኝ ባለቤት አልነበራቸውምና። ሰዎቹ ግን እዚያው ሠላሳና አርባ ዓመት አብረው አረጁ። ሁለተኛው ምክንያት መቀላቀል ነው። «ሰፈር» የሚለው ስም ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሳፍንቱና መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነ ሎሌዎቻቸውና ከነ ወታደሮቻቸው ሲሰፍሩ የቀረ ነው። ባለጸጋውና ድኻው አጥር ለአጥር የሚኖሩበት የከተማችን ጠባይ ከዚያ የተወረሰ ነው። ጊዜና መቀላቀል ሲገናኙ ዕድር ይወለዳል፤ ዕድር ባለበት ደግሞ ጩኸት ስም አለው።

ታዲያ ይህ እንዴት ፈረሰ? ቀዳሚው ምክንያት ግሬደር አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠባቸውን ቀናት እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራን፤ መንግሥት ተለውጦም እንኳ ድምፅዋ ከፍ አላለም። ያ ትውልድ «የሰው ነገር አያግባህ» የሚለውን ምክር ለልጆቹ ያወረሰው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት መጣና፣ የልማት ተብሎ የተዘረጋው መረብ የወሬ መሰብሰቢያም እንደሚሆን ሁሉም ጠረጠረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነዋሪው ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ ተጠየቀ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ የሚካሄደው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጭምር ስጋቱን ገልጾ ነበር። በዚያ ወር ስንት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ቡና መጠጣት እንዳቆመ የቆጠረ የለም። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ጎረቤቱን እንዲሰልል የተጠየቀ ከተሜ በሩን ቢዘጋ ጠባዩ ተበላሸ እንላለንን? የከተሜ ዝምታ የምንለው ነገር አብዛኛው ክፍል በመንግሥት የተማርነው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቤት አሰጣጡ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ በኋላ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ውሃ፣ መብራትና የራሳቸው መጸዳጃ ያለው ቤት አግኝተዋል። እኔም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነኝና ውለታ ቢስ አልሆንም። ነገር ግን ዕጣ ዐይነ ስውር ነው። ሰውን የሚያወጣው በአንድ አንድ ስም ነው፤ ሰፈርን አያወጣም። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረው ዕድርተኛ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ይደርሰዋል። የደረሰውም ብዙ ጊዜ ዕዳውን ለመክፈል ሲል ቤቱን ያከራያል፤ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቅቃል። በእኛ ደረጃ ካሉት ቤቶች ግማሽ በሚሆኑት ተከራይ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ነገ ለሚሄድ ሰው ማን ስም ይጠይቃል? ለማኅበራዊ ጉዳይ፣ ለበዓል ዕርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ መገልገያ ቤትም በእኛ ግቢ ለመጋዘን ተከራይቷል። ለቅሶ የገጠመው ሰው ድንኳኑን የሚተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ መኪናቸውን እንዲያነሡ ሰዎችን እየለመነ ነው።

ሦስተኛውና የቅርቡ ምክንያት ማፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ተራው የካዛንቺስ ሆነ። አሁን ማታ ማታ በፒያሳ ስሄድ ሰፊውን የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱንና ብስክሌት የሚነዱትን ሕፃናት አያለሁ። ደስ አይልም ብል ዋሽቻለሁ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ መንገድ ባገኝ ምን ያህል በተደሰትኩ! ነገር ግን እግሬ በለመደው አቅጣጫ ሄዶ የእናቴን ቤት በራፍ ሲያጣ ልቤ የሚሰማው ሌላ ነው።

ይህ ስሜት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የሌላ አገር ታሪክ ያስረዳኛል። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ዌስት ኤንድ የሚባል፣ በብዛት የጣሊያን ስደተኞች ልጆች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። የከተማው ባለሥልጣናት «የተጎሳቆለ» ብለው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አፈረሱት። ከመፍረሱ በፊት እዚያው ተከራይቶ የኖረው ኸርበርት ጋንስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ባለሥልጣናቱ ጉስቁልና ብቻ ባዩበት ቦታ ጠንካራ የመረዳዳት ኑሮ እንደ ነበረ አሳየ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ማርክ ፍሪድ የተባለ ተመራማሪ ተነሺዎቹን ካጠና በኋላ፣ ብዙዎቹ የሚሰማቸው ነገር ዘመድ የሞተበት ሰው ከሚሰማው ኀዘን ጋር እንደሚመሳሰል ጻፈ። የተሻለ ቤት ያገኘ ሰው እንኳ ያለቅስ ነበር። በእኛም አገር ይህን ኀዘን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ኀዘንተኛ ለቀስተኛ የሚሆነው ዕድር አብሮ መፍረሱ ነው።

የእናቴ ዕድር የመጨረሻ ስብሰባ ላይ እንደ ልጅነቴ ከኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ገንዘቡና ንብረቱ ይከፋፈል ወይስ ዕድሩ ይቀጥል የሚል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስቶችና ሳህኖች ነበሩ። ወጣቶቹ «ከአራብሳና ከአቃቂ ሁለት ሦስት ታክሲ እየያዝን በየለቅሶው መድረስ አንችልም፤ እንካፈል» አሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነበር። አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ «እኔ የምካፈለው ሳህን አይደለም፤ ቀባሪዬን ነው። እርሱን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታካፍሉኝ?» አሉ። የሚመልስላቸው ጠፋ። በመጨረሻ ዕድሩ በአንድ ድምፅ ብልጫ እንዲቀጥል ተወሰነ። ጥሩንባ ነፊው ቀርቶ የሞት መርዶ በስልክ መልእክት ይነገራል። እናቴም አሁን ለቅሶ ለመድረስ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች። እስከ መቼ ትችላለች? እርሷም ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ይህ ሁሉ ለፖለቲካ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምኑ ነው ማለት ደግ ነው። የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ብቻ ነው። በስም ፈንታ ወገን ይሰጠዋል፤ በሰው ፈንታ ብሔር ያያል። በየማኅበራዊ ሚዲያው «እነርሱ» እየተባለ የሚዘራው ጥላቻ ፈጥኖ የሚበቅለው በእንዲህ ያለ ባዶ መሬት ላይ ነው። የምጧን ሌሊት ጫማ ሳያደርጉ የደረሱላት ሴትዮ ከየትኛው ወገን እንደ ነበሩ እናቴ ታውቃለች፤ ግን ነግራን አታውቅም፤ ለመንገር የሚያበቃ ቁም ነገር መስሎ አልታያትምና። ይህ የመቻቻል ስብከት የሚያመጣው ጸጋ አይደለም፤ የአርባ ዓመት ጉርብትና ፍሬ ነው። ከተማን የሚያስተዳድር ወገን ድልድይና መብራት ሲቆጥር ይህንንም ፍሬ ሊቆጥር ይገባዋል። ከነቀለው በኋላ በአዳራሽ ስብሰባ ሊተክለው አይችልምና።

መፍትሔ ሳያመለክቱ መተቸት የእኛ የምሁራኑ በሽታ ነውና ጥቂት ልበል። አንደኛ፣ ሰው ከሰፈሩ በልማት ምክንያት የሚነሣ ከሆነ ምትክ ቤት በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በዕድር ይመደብ። አንድ ዕድር ወደ አንድ ግቢ ይሂድ። ዕጣውም ለሰፈሩ ይውጣ እንጂ ሰፈሩን አይበትን። ይህ ተጨማሪ ሲሚንቶ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አንድ የአባላት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ በዕድሩ መዝገብ ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ የጋራ መገልገያ ቤቶች ለታሰቡለት ዓላማ ይመለሱ። ሦስተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ብዙ ሰው ይህን የዋጋ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የጉርብትና ሕግ አድርጌ አየዋለሁ፤ ስለዚህ በወረቀት ሳይቀር በተግባር ይከበር። አራተኛውና ዋነኛው፣ መንግሥት የትኛውም ይሁን የትኛው፣ እጁን ከዕድር ላይ ያንሣ። ዕድር መዋጮ ማሰባሰቢያ፣ ሰልፍ መጥሪያና ወሬ መልቀሚያ በሆነበት ቀን ዕድርነቱ ያከትማል።

ይህን ስል ግን ሁሉንም በመንግሥት ላይ ጥዬ እጄን መታጠብ አልፈልግም። በዚያች ሌሊት መቀርቀሪያው ላይ የነበረው እጅ የእኔ ነበር። አዋጅ አልያዘኝም፤ ግሬደርም በሬ ላይ አልቆመም። ሦስት እርምጃ ነበር የቀረኝ። አሠራሩ ሰውን ያቀዘቅዛል ማለት ሰው መሞቅ አይችልም ማለት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። ደረጃችን ላይ ያሉትን በሮች አንድ በአንድ አንኳኳሁ። «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ በበር ቀዳዳ ያነጋገረኝ ነበር፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ የመሰልኩትም ነበር። አንዲት ወጣት ደግሞ የፓርቲ መዋጮ ሰብሳቢ ነዎት ወይ ብላኛለች። የሁሉንም ስምና ስልክ ቁጥር ጽፌ ለየቤቱ አንዳንድ ቅጂ ሰጠሁ። ስሙን ለመስጠት ያልፈቀደ አንድ ሰው ነበር፤ መብቱ ነው። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ በወር አንድ እሑድ ቡና እንድናፈላ ሐሳብ አቀረበች። በመጀመሪያው እሑድ አራት ሰው መጣ፤ በሁለተኛው ሰባት ሆነን። በሦስተኛው ደግሞ ከመሬት ቤት ያሉ አንድ አባት «መዝገብ እንክፈት እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ዕድር የሚለውን ቃል ያነሣ ግን ገና የለም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከቤታችሁ በር ጀምራችሁ በደረጃችሁ ወይም በመንደራችሁ ያሉትን ጎረቤቶች በጣታችሁ ቁጠሩ። በስም የምታውቋቸው ስንት ናቸው? ዛሬ ሌሊት «እሪ» ብትሉ የማንን ስም ትጠራላችሁ? የእናንተንስ ስም የሚጠራ አለ?